ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኤቲኤሞች ደንበኞች በሒሳባቸው ካላቸው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡ መፍቀድ ጀመሩ። ወሬው በስልክ ከዶርም ወደ ዶርም ሲዳረስ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተማሪዎች በሌሊት ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩን ሲደርስበት አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። በኋላ እንዳስታወቀው፣ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበትም ተናገረ። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ችግሩ የተፈጠረው በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ላይ መሆኑን ገለጸ።

ከዚያ ወዲህ ለሳምንታት የተወራው ስለ ገንዘቡና ስለ ወሰዱት ሰዎች ነው። ማን መለሰ፣ ማን አልመለሰም፣ የማን ስምና ፎቶ ተለጠፈ። የሕዝብ ገንዘብ ነውና መወራቱ አይገርምም። በፕሮግራሚንግ የምተዳደረውን እኔን የያዘኝ ግን በዚያ ሌሊት ሥራ ላይ የነበሩት ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። አገር በተኛበት ሰዓት የሚሊዮኖች ሒሳብ የተቀመጠበትን ሲስተም መክፈት፣ አንድ ነገር መለወጥ፣ ለውጡ ሌላ ነገር እንዳልነካ መፈተሽ፣ ከንጋት በፊት ሁሉን ወደ ቦታው መመለስ። ይህን የሚሠሩ ሰዎች በየባንኩ፣ በየቴሌኮሙ፣ በየሆስፒታሉና በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ አሉ። ሥራቸው የሰመረ ዕለት ማንም አያነሳቸውም። የተበላሸ ዕለት ስማቸው የሚነሳው ከጥፋቱ ጋር ብቻ ነው።

እንደ እኔ እምነት የሶፍትዌር ትልቁ ችግራችን ያለው እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌር በጨረታ እንገዛለን፣ በርክክብ ሰነድ እንፈርማለን፣ ባለሥልጣን ጋብዘን ሪባን እናስቆርጣለን፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ እንዳለቀ እንቆጥራለን። ዋናው ሥራ ግን የሚጀምረው ያኔ ነው። ሶፍትዌር የሚኖረው ውስጡን የሚያውቁ ሰዎች አጠገቡ እስከተቀመጡ ድረስ ነው። ለእነዚያ ሰዎች ደግሞ ጊዜም፣ በጀትም፣ ክብርም አልመደብንም።

ብዙ ሰው ፕሮግራመር ሲባል ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ የሚውል ሰው ይታየዋል። በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች እንደምናውቀው አብዛኛው የሥራ ሰዓታችን የሚያልፈው ቀድሞ የተጻፈ ኮድ በማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ የጻፈው ሰው ሥራ ለቋል፣ ስልኩን ቀይሯል፣ ወይም ከአገር ወጥቷል። አንድ መስመር ለመቀየር ግማሽ ቀን ማንበብ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ውጤቱን ከውጭ የሚያይ ኃላፊ ግን «አንዲት መስመር ለመቀየር ይህን ያህል?» ብሎ ይጠይቃል። የምትቀየረዋ መስመር የቷ እንደሆነች ማወቁ ነው ጊዜ የወሰደው።

«ሶፍትዌር አይዝግ፣ አይበላሽ፤ ታዲያ ለምኑ ነው የጥገና በጀት የምትጠይቁት?» የሚል ጥያቄም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልስም አለው። ማኒ ሌማን የተባለው ተመራማሪ ከባልደረባው ከላዝሎ ቤላዲ ጋር ሆኖ የአይቢኤም ኦኤስ 360 የተባለውን ግዙፍ ሥርዓት ዕድገት ካጠና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለት ነገር አስቀምጧል። በሰው ኑሮ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም ያለማቋረጥ ካልተሻሻለ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። በተሻሻለ ቁጥር ደግሞ ታስቦበት ካልተስተካከለ ውስጡ እየተወሳሰበ ይመጣል። ኮዱ ባለበት ቢቆም ዙሪያው አይቆምም። የግብር ሕግ ይሻሻላል፣ ስልኮች ይቀየራሉ፣ የመሥሪያ ቤት አደረጃጀት ይለወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር የሚመነዘርበት አንድ ተመን ብቻ ነው ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ መነካት ነበረበት። ፕሮግራሙ አልዛገም፤ አገሩ ነው የተለወጠው።

የዚህን ነገር ጣጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ላይ የሠራ ፕሮግራመር ነው። ከውጭ የሚገዙት ሲስተሞች በአብዛኛው የተሠሩት ለአሥራ ሁለት ወር ዓመት ነው፤ እኛ አሥራ ሦስት ወር አለን። ወጣት ዲቨሎፐር ሲጀምር «ከፈረንጁ ዓመት ስምንት ቀንስ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ልክ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጃንዋሪ መግቢያ ግን ልዩነቱ ሰባት ስለሆነ ወደ አራት ወር ገደማ ስህተት ይሠራል። እሱን ያስተካከለ ሰው ደግሞ «አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ ይጽፍና ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አይገጥመውም። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ የሚመጣው የዘመነ ዮሐንስ አዲስ ዓመትም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ፣ ማለትም ፈረንጆቹ የራሳቸውን ተጨማሪ ቀን ፌብሩዋሪ 29 እስኪያስገቡ፣ ያ ፕሮግራም የሚያወጣው ቀን ሁሉ በአንድ ቀን የተሳሳተ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ግን የሚያሳውቃት ሰው ካላገኘች አታውቅም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ገጠመኝ ላንሳ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ላይ እሠራ ነበር። የወለድ ስሌቱን ሳነብ ጳጉሜን ላይ ስደርስ ወለዱን ዜሮ የሚያደርግ መስመር አገኘሁ። ከጎኑ ያለው ማስታወሻ «ለፋይናንስ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። የጻፈው ልጅ ከመሥሪያ ቤቱ ከወጣ ቆይቷል። ስህተት ይመስላል፤ ወለድ በቀን የሚቆጠር ከሆነ አምስት ወይም ስድስት ቀን እየተዘለለ ነው። ይህ በብድሩ ሁሉ ላይ ሲደመር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከመንካቴ በፊት ግን በሒሳብ ክፍሉ ብዙ ዘመን ያገለገሉትን እናት ልጠይቅ ብዬ ወረድኩ።

«እትዬ፣ ሲስተሙ ጳጉሜን ላይ ወለድ አይቆጥርም። እርስዎ ምክንያቱን ያውቁ ይሆን?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የጳጉሜን ደመወዝ አለው እንዴ? አባሉ ደመወዝ በማይበላበት ወር በምኑ ወለድ ይከፍላል? ጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ የወሰነው ነገር ነው። ቃለ ጉባኤው መዝገብ ቤት አለልህ፤ ሂድና አስወጣ።»

አስወጣሁ። ቀኑ፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ ሁሉ አለ። ስህተት የመሰለችው መስመር የብዙ ሰዎች ስምምነት ነበረች፤ ለደመወዝተኛ ተበዳሪ የተደረገች ርኅራኄም ነበረች። ከጎኗ የጉባኤውን ቀንና ውሳኔውን በአማርኛ ጽፌ ወጣሁ። በዚያ ሲስተም ላይ ከሠራሁት ሁሉ ከፍ አድርጌ የማየው ያንን ማስታወሻ ነው። እሳቸው ጡረታ ቢወጡና ማስታወሻው ባይጻፍ ኖሮ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ትጉህ ልጅ መስመሯን «አስተካክሎ» የብዙ ሠራተኛ ዕዳ በአንድ ሌሊት ይጨምር ነበር።

ዴንማርካዊው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። እንደ ናውር አመለካከት ፕሮግራም ማለት ዋናው ነገሩ የተጻፈው ኮድ አይደለም፤ ኮዱ ለምን እንዲያ እንደሆነ፣ ከዓለም ጋር በየት በኩል እንደሚገናኝ፣ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ የት ላይ መቀየር እንዳለበት በሠሪዎቹ አእምሮ ውስጥ ያለው ዕውቀት ነው። ያን ዕውቀት የያዘው ቡድን ሲበተን ፕሮግራሙ መሥራቱን ቢቀጥልም እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ከሰነድ ብቻ መልሶ ማስነሳትም እጅግ ከባድ ነው። በሥነ ፈለክ ሥራ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2005 በሙያው ታላቅ የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማት የተቀበለው ይህ ሰው የጻፈውን እያንዳንዱ የአይሲቲ ዳይሬክተር ቢያነብልኝ ደስታዬ ነው። ዕውቀቱ ግማሹ በሒሳብ ክፍሉ እናት ዘንድ፣ ግማሹ በለቀቀው ልጅ ዘንድ የነበረበትን ያንን ማኅበር ሳስብ ናውር ያለው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ዕውቀቱ ሲጠፋ የሚሆነውን ለማየት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ጠዋት የደረሰውን ማንሳት ይበቃል። ናይት ካፒታል በአክሲዮን ገበያ ከፍተኛ ድርሻ የነበረው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጁላይ መጨረሻ ላይ በስምንት ሰርቨሮች ላይ አዲስ ኮድ መጫን ነበረበት። ሥራው የተሰጠው ባለሙያ በሰባቱ ላይ ጫነ፤ ስምንተኛው ቀረ። ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥ የሚያዝ የጽሑፍ ደንብ በድርጅቱ አልነበረም። ስምንተኛው ሰርቨር ላይ ደግሞ ፓወር ፔግ የሚባል፣ ከ2003 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ያልዋለ ግን ያልተሰረዘ አሮጌ ኮድ ተቀምጧል። አዲሱ ኮድ ሥራ ለማስጀመር የሚጠቀምበት ምልክት ያ አሮጌ ኮድ ድሮ ይነሳበት የነበረው ምልክት ነበር። ኦገስት 1 ቀን ገበያው ሲከፈት አሮጌው ኮድ ነቃና ያለማቆም መግዛትና መሸጥ ጀመረ።

በ45 ደቂቃ ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ተፈጸሙ። የአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው ውሳኔ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን አስፍሯል። ልቤን የሚነኩኝ ግን ሁለት ዝርዝሮች ናቸው። ገበያው ከመከፈቱ በፊት የድርጅቱ የራሱ ሲስተም ስለ ፓወር ፔግ የሚናገሩ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞቹ ልኮ ነበር፤ ኢሜይሎቹ ለማስጠንቀቂያ የታሰቡ ስላልነበሩ የተመለከታቸው የለም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ባለሙያዎቹ በድንጋጤ ችግሩን ለማስቆም ሲሉ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱት፤ ያኔ አሮጌው ኮድ በሰባቱም ላይ ነቃ። ችሎታ የጎደላቸው ሰዎች አልነበሩም። ሲስተሙ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ሰዓት በክፍሉ አልነበረም። ድርጅቱ ራሱን ችሎ አልቀጠለም፤ በዓመቱ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ።

የኛ ባንክ የገጠመው በወጪ ሚዛን ከዚህ ያንሳል፤ በባሕርይ ግን ይዛመዳል። ሁለቱም አዲስ ነገር ሲገነባ የመጡ አይደሉም፤ የቆየ ነገር ሲነካ የመጡ ናቸው።

እዚያው መጋቢት ወር ላይ፣ ባንኩ ገንዘቡን እያስመለሰ ሳለ፣ ዓለም ሌላ አደጋ ለጥቂት አመለጠች። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም አለ፤ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ በዓለም ዙሪያ ባሉ በርካታ የሊኑክስ ሰርቨሮች ውስጥ ግን ይገኛል። ለዓመታት የጠበቀው በተግባር አንድ ሰው ነበር፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። ሰውየው ደከመ። ጤናው እንዳስቸገረው በግልጽ ሲናገር እንኳ «ለምን አትፈጥንም» የሚሉ ድምፆች ይወተውቱት ነበር። በዚህ መሃል ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ አንድ ሰው ወይም ቡድን ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዘው ቆይቶ ሥልጣን ተካፈለ፤ በመጨረሻም ሰርቨሮችን በጓሮ የሚከፍት ኮድ ሸጉጦ አስገባ። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ወደ ሰርቨር ለመግባት የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ገደማ መርዘሙ አላስተኛው አለ፤ ፈለገና አገኘው። ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የፍሮይንድን ንቃት ሁሉም አመስግኗል፤ ይገባዋል። እኔ የማዝነው ለደከመው ሰውዬ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች በሥራው ላይ ቆመው ሲነግዱ እሱን «እንዴት ነህ» ያለው አልነበረም። አጥቂው የገባው በኮዱ ቀዳዳ አይደለም፤ በሰውየው ድካም በኩል ነው።

ይህ የድካም ነገር ከእኛም የራቀ አይደለም። ከአዲስ አበባ ሆነው ለአሜሪካ ደንበኞች የሚሠሩ ወጣቶች እየበዙ ነው። ዋሽንግተን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሥራ ሲገባ እኛ ዘንድ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እነሱ ወደ ስብሰባ ይገባሉ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ ሌሊት ሲስተም ሲወድቅ የሚጠራውን ስልክ ትራስ ሥር አድርገው ያድራሉ፤ ተራቸው ፋሲካ ላይ ሲደርስ ዶሮው እየቀረበ ላፕቶፕ ይከፍታሉ። እኔም በዚህ ኖሬያለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ከሌላ ሰው ሐሳብ ጋር፣ ሰውየው በሌለበት፣ በኮዱ በኩል ተነጋግሮ መግባባት በሌላ ሙያ ያላየሁት ደስታ አለው። ዓመታት ሲያልፉ የተማርኩት ደግሞ አንድ እንግዳ መስመር ሳገኝ የጻፈውን ሰው ከመሳደቤ በፊት ምን አስጨንቆት ነበር ብዬ መጠየቅን ነው። ይህ ልማድ ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ ቤቴም ገብቷል፤ ትዳሬንም ጠቅሞታል። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ይህን ትዕግሥት አያገኝም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሰባቱን ሰርቨር ጨርሶ ስምንተኛውን ይረሳል።

ሲስተሙን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ገንዘብ ከማክሰርም የከፋ ነገር ያደርሳል። የእንግሊዝ ፖስታ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የሠራውን ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም በየመንደሩ ባሉ ፖስታ ቤቶች ዘረጋ። ሲስተሙ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። የፖስታ ቤት ኃላፊዎቹ «ገንዘቡን አልነካንም» ሲሉ፣ ሲስተሙ አይሳሳትም ተባሉ፤ ብዙዎቹም ይህ የገጠመው አንተን ብቻ ነው ተብለዋል። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈርዶባቸዋል። ቤታቸውን የሸጡ አሉ፤ የታሰሩ አሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስህተት እንደነበረበት አረጋገጠ፤ ፍርዶቹን በጅምላ የሻረው ሕግ የወጣው ግን በሜይ 2024 ነው። በመካከሉ የሰው ዕድሜ አለቀ።

ይህን የማነሳው አገራችን አሁን በዚሁ መንገድ ላይ ስለሆነች ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሊዮኖች እጅ ገብቷል። ፋይዳ መታወቂያ የባንክ ሒሳብ መክፈቻ እየሆነ ነው። ግብር፣ ነዳጅ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በስልክ ሆኗል። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል፤ የዕድሜዬን ሥራ የሰጠሁት ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ «ሲስተም የለም» ስትለን ተመልሰን እንሄዳለን፤ «ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚለው» ስትለን ደግሞ ክርክሩ ያልቃል። እሷ ጥፋት የለባትም፤ የምትጠይቀው ሰው የላትም። ሲስተሙ ተሳስቷል የሚል ዜጋ ሲመጣ የሲስተሙን የክንውን መዝገብ (ሎግ) ከፍቶ፣ በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት የሆነውን መርምሮ፣ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ መኖር አለበት። ይህ ባለሙያ ከሌለ ዲጂታል አገልግሎት ይግባኝ የሌለው ዳኛ ይሆናል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት መምጣት ይህን ያቀልልናል የሚሉ አሉ። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ኮድ መጻፍ እጅግ ረክሷል፤ እኔም በየዕለቱ እጠቀምበታለሁ። ቀድሞ ቀን የሚወስደውን በደቂቃዎች ይሠራል። የጳጉሜንን መስመር ቢያሳዩት ግን ስህተት ነው ብሎ ሊያስተካክለው ይነሳል፤ ቃለ ጉባኤው በካርቶን አቃፊ ውስጥ ያለ መሆኑን ከየት ያውቃል? ኮዱ በብዛትና በፍጥነት በተመረተ ቁጥር አንብቦ፣ ጠይቆ፣ ኃላፊነት ወስዶ የሚፈርም ሰው የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ብዙ ወጣቶች በተስፋ ተመዝግበዋል፤ መልካም ነው። ሥልጠናው ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ነገር እንዲጨምሩ እለምናለሁ። ልጆቹ አዲስ መተግበሪያ ከባዶ ከመሥራት ጎን ለጎን ሌላ ሰው የጻፈው፣ ግማሹ የማይሠራ፣ ማስታወሻ የሌለው ኮድ ተሰጥቷቸው አንብበው ያስረዱ። ሥራ የሚጠብቃቸው እዚያ ነው።

ለድርጅት ኃላፊዎች ያለኝ ጥያቄ ብዙ አይደለም። ሶፍትዌር ስትገዙ ከግዢው ዋጋ ጎን የየዓመቱን የጥገና በጀት አብራችሁ አጽድቁ። ብዙዎቹ ባንኮቻችን ዋና ሲስተማቸውን የገዙት ከውጭ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ውስጡን የሚያውቅ የራሳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ደንበኛ ገንዘብ የሚያወጣበትን ሲስተም አንድ ሰው ብቻውን አይንካ፤ ሁለተኛ ሰው ይይለት። ለውጡ መጀመሪያ በመሞከሪያው ላይ ይፈተሽ። ሌሊት የሠራ ባለሙያ በነጋታው ይተኛ። የለቀቀ ሠራተኛ ላፕቶፕ አስረክቦ ብቻ አይሂድ፤ የሚያውቀውንም ለተተኪው አስረድቶ ይሂድ፤ ለዚህም ደመወዝ የሚታሰብበት ጊዜ ስጡት።

ቀጣዩ ስድስት ቀን ያለው ጳጉሜን በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ ያለው ሲስተም ያን ቀን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ሰኞ ገብታችሁ ጠይቁ። ሰው ከተገኘ ስሙን መዝግቡ፤ ለብቻው እንዳይሆንም አጠገቡ ሌላ ሰው አስቀምጡ። ካልተገኘ ከአሁኑ መድቡ።